መብራታቸውን ያጠፉ ሁለት ጀልባዎች

ጠበቃዋ የባሕር ሰዎችን ጉዳይ ይዛ ስትከራከር ጸጉሯ ሸብቷል፤ ጀልባ ላይ ግን ወጥታ አታውቅም። ውሃ ሲንቀሳቀስ ካየች ያቅለሸልሻታል። ቢሮዋ ከገመድና ከሞተር ዘይት መሸጫ ሱቅ በላይ ነው። ዓሣ አስጋሪዎች እርጥብ ሱሪያቸውን እንደለበሱ እየመጡ ስለሚቀመጡባት፣ የጨርቅ ወንበሮቿን ሸጣ ፕላስቲክ ገዝታለች። እነሱ ስለ ማዕበል ያወሩላታል፣ እሷ ስለ አንቀጽ ታወራላቸዋለች፤ ሁለቱም ወገን ግማሹ ሳይገባው ይስማማል። እስካሁን በዚህ የተጎዳ የለም።

በዚያ ሰሞን የፕላስቲኩ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ወደቡ ላይ «ቁልፉ» ይባላል። አፉ ስለማይከፈት ነው። ጎህ ሳይቀድ፣ ጭጋግ ውስጥ፣ የእሱ ጀልባ ከሌላ ጀልባ ጋር ተላትማ አፍንጫዋ ተሰንጥቋል። ሰው አልተጎዳም። የሌላኛዋ ጀልባ ባለቤት ግን ባዳ አይደለም፤ የእናቱ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሙ ነው። የወደቡ አጣሪ ጉባኤ ሁለቱንም ጠርቷቸዋል፤ የት እንደተጋጨ አልናገርም ያለ፣ የጀልባ ፈቃዱን እስከ ወዲያኛው ይነጠቃል። ቁልፉ ደግሞ ከዓሣ ሌላ ሙያ የለውም።

«የት ነው የተጋጫችሁት?» አለችው።

«ባሕር ላይ።»

«እሱንማ እኔም ደርሼበታለሁ። ባሕሩ የት ጋ?»

«ውሃው ላይ።»

ጠበቃዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እሺ፣ መብራትዎስ በርቶ ነበር?»

ቁልፉ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። «ባትሪው... ትንሽ ደከም ብሎ ነበር።»

ስለ ደከመ ባትሪ ጠበቃዋ ብዙ ሰምታለች። ጥሩ የዓሣ ቦታ ያገኘ ሰው ሌላው እንዳይከተለው መብራቱን አጥፍቶ ይሄዳል። ሁሉም ያደርገዋል፤ አድርጌያለሁ የሚል ግን ፈልጎ ማግኘት ነው። ሲጠየቁ በዚያ ወደብ ያለ ባትሪ ሁሉ በሽተኛ ነው።

«ይስሙኝ» አለች፣ «ፈቃድዎን ከወሰዱብዎት ቦታው ምን ይሠራልዎታል? በመስኮት ሊያዩት ነው?»

ከታች ሱቅ ውስጥ አንድ ሰው በገመድ ዋጋ ይጨቃጨቃል። በኋላ ቁልፉ፣ ለወትሮው በወር የሚናገረውን ያህል በአንድ ትንፋሽ ተናገረ።

«አባባ ነው ያሳየኝ። እኔን ብቻ ይዞ ሄዶ። ‹ይህችን ቦታ ላንተ ብቻ ነው የምሰጥህ፣ ለወንድምህም እንዳትነግር፣ ስትሄድ መብራትህን አጥፋ› አለኝ። ሲሞት ቤቱን ለታናሼ አወረሰ፣ ሞተሩን ለእህቴ ባል። ለእኔ ምንም። ሰው ሁሉ አዘነልኝ። እኔ ግን በሆዴ ስቄ ዝም አልኩ፤ ከሁሉ የበለጠውን ማን እንደተሰጠው አውቃለኋ! ያ ሌባ ግን ከኋላዬ እየተከተለ ደረሰባት። አሁን አባባ የሰጠኝን በአደባባይ ልናገር? ፈቃዱን ይውሰዱት!»

ጠበቃዋ አዘነችለት። ማዘን ግን ለክርክር አይጠቅምም፤ በማግስቱ ወደ ጉባኤው ሰብሳቢ ሄዳ ጉዳዩ በዝግ እንዲታይ፣ አንድም ሌላ ዓሣ አስጋሪ አዳራሹ በር ድርሽ እንዳይል አስፈቀደች። ከሥራዋ የምትኮራበት ይህን ነው፤ በር ማስከፈት ማንም ያውቅበታል፣ ማስዘጋት ነው ሙያ። ቁልፉም እያንገራገረ እሺ አለ፤ አለ እንጂ በልቡ አልቆረጠም።

በቀጠሮው ቀን አዳራሹ አዲስ ቀለም ቀለም ይሸት ነበር። ሰብሳቢው ጉንፋን ይዞት ከመሐረቡ አይለይም። ወንድማማቾቹ በሁለቱ ዳርና ዳር ተቀመጡ። ታናሽየው ጠበቃ አላቆመም፤ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ልክ እንደ ታላቁ፣ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እንዲህ የሚመሳሰሉ ሰዎች እንዴት ይጠላላሉ ያሰኛል።

«እኔ ነኝ የተሰረቅኩት» አለ ታናሽየው ገና ሳይጠየቅ። «ተከትሎኝ ነው የመጣው።»

«እኔ?» አለ ቁልፉ። «እኔ ነኝ አንተን የምከተል?»

«ስድብ ሌላ ቀን» አለ ሰብሳቢው። «አሁን ቦታው ይነገረኝ። ያልተናገረ ፈቃዱን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ትቶ ይሂድ።»

ጠበቃዋ የቁልፉን ክርን በጣቷ ነካ አደረገችው። ቁልፉ አልተነቃነቀም። ሊናገር እንዳልሆነ ገባት፤ ነገሩ ሁሉ ውሃ በላው ስትል ታናሽየው ተነሳ።

«እኔ ልጆች አሉኝ» አለ። «እናገራለሁ።» ጉሮሮውን ጠረገና ዓይኑን ጨፈነ። ሲናገር ድምፁ የሽማግሌ ሆነ፤ ቃሉን ከአንድ ሰው አፍ እንደወረደ መያዙ ያስታውቃል። «የመብራት ማማው የጨው መጋዘኑን ትከሻ ሲደገፍ፣ ሞተርህን አጥፋ። ከዚያ ዞር በልና ኮረብታውን እይ። ትልቁ ኮረብታ ትንሹን እስኪውጠው ድረስ በመቅዘፊያ ሂድ። ሲውጠው ቁም...»

ረሳው መሰል፣ ወይም ለመጨረስ ጨነቀው፣ እዚያ ላይ ቆመ።

«...አትቸኩል» አለ ቁልፉ ከወዲያ ዳር። እንደተቀመጠ ነው። «ዓሣው ካንተ ቀድሞ ነው የነቃው።»

ታናሽየው ዓይኑን ገለጠ። «ማን ነገረህ?»

«አባባ። አንተንስ?»

«አባባ።»

«ለወንድምህ እንዳትነግር ብሎ?»

«ለወንድምህ እንዳትነግር ብሎ።»

«መብራትህን...»

«...አጥፋ ብሎ፣ ጋሼ።»

ሰብሳቢው አፍንጫውን ጠረገና ወደ ጸሐፊዋ ዞረ። «የሁለቱም መብራት ጠፍቶ ነበር ብለሽ ጻፊ» አለ።

ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል። ሽማግሌው አባት ተክለው ሄደዋል፤ ባላ የሆኑት ልጆች ምን እንደሚሰማቸው ተረቱ አይናገርም። ጠበቃዋ ይህን እያሰበች ውሳኔውን ሰማች። የሁለቱም ፈቃድ እስከሚመጣው የማስገሪያ ወቅት ታገደ፤ አልተነጠቀም። ጥፋት በአንደበት ከታመነ ወዲያ ይህ ድል ነበር። እጇን ለደንበኛዋ ዘረጋች። ቁልፉ ጨበጣት፤ የት እንዳለ ግን ያወቀ አይመስልም።

ኮሪደሩ ላይ ታናሽየው አልሄደም። ቆቡን በእጁ እያዞረ ደረጃው አጠገብ ቆሟል። ቁልፉ ጀርባውን ሰጥቶት ወደ ጠበቃዋ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጠበቃ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አባባ መጀመሪያ የወሰደው ማንን እንደሆነ የሚታወቅበት መንገድ አለ? በሕግ?»

«በሕግ የለም» አለችው። «ወንድምዎ ግን ያውና። አባታችሁ መቼ እንደወሰዱት ይጠይቁትና ከእርስዎ ጋር ያስተያዩት።»

ቁልፉ ቀስ ብሎ ዞሮ ደረጃውን አየ። ታናሽየው ቆቡን ማዞር አቆመ። ሁለቱም አፋቸውን ሊከፍቱ ያሉ መሰሉ፤ ከዚያ ሁለቱም ተዉት።

«ይቅር» አለ ቁልፉ። «ብጠይቀው እኮ ይነግረኛል።»