ከመስታወቱ ጋር የቀረው ፊት

ሎርና ሂመልማን በፎጣ የተጠቀለለ ሥዕል ታቅፋ ስትመጣ የወደብ ከተማዋ ሉነንበርግ ከጠዋት ጀምሮ ጭጋግ ውጧት ነበር። ከወደቡ የሚመጣው እርጥበት የሥዕል ፍሬም መሥሪያ ሱቁን በር ስላሳበጠው በትከሻዋ ገፍታ ገባች።

«አቶ ዚንክ፣ ይሄን ያድኑልኝ» አለች። «እናቴ የሣለችው ነው። አረጋውያን መኖሪያ ከገባች ወዲህ አምጡልኝ፣ አምጡልኝ ትላለች።»

ሃርቪ ዚንክ ፎጣውን ገለጠው። በውሃ ቀለም የተሣለ ልጅ ቀይ ኮት ለብሶ ወደቡ ላይ ቆሟል። ኮቱ ቀይ የነበረው ድሮ ነው፤ አሁን ፀሐይ መጦት የሻይ እድፍ መስሏል። ወረቀቱን ቡናማ ነጠብጣብ ወርሶታል፤ የልጁ ፊት ደግሞ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። ሃርቪ ልጁን ያውቀዋል። የሎርና ታናሽ ወንድም ግሌን ነው፤ በተሣለ በዓመቱ ባሕር ወሰደው።

«እንዲህ አድርጎ ፍሬም ውስጥ ያስገባውን ሰው ባገኘሁት!» አለች ሎርና። «መስታወት ቀጥታ ወረቀት ላይ ይጫናል? እኔ እንኳ አውቃለሁ።»

ሃርቪ ፍሬሙን ገለበጠው። ጀርባው ላይ ያለው ጽሕፈት የራሱ ነበር። ሱቁን በከፈተ ሰሞን ያገኘውን ካርቶን ከኋላ ለጥፎ፣ መስታወቱን ከላይ ጭኖ ይሰጥ ነበር። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም።

«ፍሬሙን የሠራሁት እኔ ነኝ» አላት።

ሎርና አፍጥጣ አየችው። «እንግዲያው እርስዎው ያስተካክሉት» ብላ በሩን ሳትዘጋ ወጣች።

ሃርቪ ሃሊፋክስ ከተማ ላለች የአሮጌ ወረቀት ጠጋኝ ባለሙያ ደወለ። «እንዳትነካው! ላክልኝና ለጸደይ አደርሰዋለሁ» አለችው። ይህንኑ ለሎርና በስልክ ነገራት።

«እናቴ እስከ ጸደይ የምትቆይ ይመስልዎታል?»

ስለዚህ ራሱ ገባበት። ካርቶኑን በስስ ቢላ እየላገ ሁለት ቀን ፈጀ። የወረቀቱ ዳር ዳር በደህና ለቀቀ። ፊቱ ጋ ሲደርስ ማቆም ነበረበት፤ እሱም ያውቃል። ትንሽ ብቻ ልሞክር አለ። አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማና የልጁ ዓይንና ጉንጭ መስታወቱ ላይ ቀሩ። ሃርቪ ቢላውን አስቀምጦ መሬት ላይ ተቀመጠ።

የቀረውን ያኔ መሥራት በነበረበት መንገድ ሠራው። ከጥጥ የተሠራ ካርቶን ከኋላው አደረገለት፤ ወረቀቱን በስንዴ ሙጫ በተለጠፉ ስስ የወረቀት ቁራጮች አንጠለጠለው፤ የፀሐይ ጨረር የሚከለክለው አዲሱ መስታወት ሥዕሉን እንዳይነካ በዙሪያው ክፍተት ተወለት።

«እናቴን ራስዎ ይንገሯት» አለች ሎርና የጎደለውን ፊት ስታይ፤ ሃርቪን ከነሥዕሉ ወደ አረጋውያን መኖሪያው ይዛው ሄደች።

እናትየዋ ወይዘሮ ኢዲት አልጋዋ ላይ ተደግፋ ሥዕሉን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ለረጅም ጊዜ በጣቷ መስታወቱን ስትዳብስ ቆየች።

«ፊቱስ?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ወይዘሮ ኢዲት። ያኔም እኔ፣ አሁንም እኔ። አላዋቂ ነበርኩ፤ ከዚያ ደግሞ ቸኮልኩ።»

አሮጊቷ አልተቆጣችም። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

«እኔም እኮ ፊቱ ጠፍቶብኛል» አለች። «ስንት ቀን ዓይኔን ጨፍኜ ፈለግኩት። ለዚህ ነበር አምጡልኝ ያልኩት።»

ሎርና ወደ መስኮቱ ዞረች። ሃርቪ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል።

«ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ የቱ ነው?» አለ በመጨረሻ።

ኢዲት ከበሩ ጀርባ ያለውን አሳየችው። እዚያ ሰቀለው። ከአልጋዋ ሆና ግን አይታያትም ነበር፤ ወደ ሌላ ግድግዳ እንዲያዞረውም አልጠየቀችውም። በየካቲት አረፈች።

ከቀብሩ በኋላ ሃርቪ ሱቁን በከፈተ ሰሞን ሥዕል በፍሬም ያስገባላቸውን ሰዎች እየፈለገ ይደውል ጀመር፤ «አምጡት፣ ልክፈተው» ይላቸዋል። አብዛኞቹ ሞተዋል። አንዲት ሴት ግን ሳቀችበት።

«ደህና ነው እኮ፣ ሃርቪ! ሳሎን መስኮቱ ፊት ለፊት፣ ፀሐይ በሚገባበት ተሰቅሏል» አለችው።