የኮሌታው ልክ

"አታጥብቂው እንጂ! አንገት እየለካሽ ነው፤ በግ እያሰርሽ አይደለም" አለ ልብስ ሰፊው።

ሴት ልጁ ሳቀች። በሚቀጥለው ወር ልትዳር ነው። አባቷ ለሠርጓ የሚለብሰውን ሸሚዝ ራሱ እየሰፋ ነበርና፣ የገዛ አንገቱን መለካት አልመች ቢለው፣ ሥራ ሳትገባ በሱቁ በኩል እንድታልፍ ጠርቷት ነው።

"አርባ ሁለት።"

"አርባ ነው። የራሴን አንገት አላውቅም?"

ሜትሩን ልታስተካክል ኮሌታውን ገለጥ ስታደርግ ጣቷ ከመንጋጋው በታች የሆነ ጠጣር ነገር ነካ። ብይ ያክላል። ጫን ብትለውም ንቅንቅ አላለም።

"አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ንፍፊት ነዋ። ጉንፋን ይዞኝ አልነበር? ጉንፋኑ ሄደ፣ እሱ መውጫው ጠፍቶት ቀረ።"

"ጉንፋን የያዘህ እኮ ከሁለት ወር በፊት ነው።"

"ደግሞም አያመኝም። የማያም ነገር ምን ያደርጋል?"

ዓይኗ የለበሰው ሸሚዝ ላይ ነበር። የላይኛው ቁልፍ ወደ ጫፍ ተስቦ እንደገና ተተክሏል፤ የድሮው ክር ቀዳዳ አሁንም ይታያል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቅያሪ ሸሚዝ አየችው፤ እሱም እንደዚያው። ንዴትም ፍርሃትም አንድ ላይ ያዛት።

"ታውቅ ነበር ማለት ነው" አለችው።

መቀሱን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። "ሠርግሽ ይለፍ ብዬ ነው። ክፉ ነገር ቢሉኝ ፊቴ ላይ ይታያል። መደበቅ አልችልበትም።"

"ቁልፉን ግን ችለህበታል።"

ሳቅ አመለጠው። እሷ አልሳቀችም።

"አባዬ፣ ሦስት ሳምንት አልፎት ያልጠፋ እብጠት ባያምም በሐኪም መታየት አለበት። ጠጣር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ምንም ላይሆን ይችላል፤ እሱን የሚለው ግን ሐኪም ነው እንጂ አንተ አይደለህም። እኔ ደግሞ በሠርጌ ቀን አንገትህን እያየሁ መጨፈር አልችልም።"

ልብስ ሰፊው ለኮሌታ ያዘጋጀውን ጨርቅ ሳይቆርጠው አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

"ሱሪ ሊወስድ የሚመጣ ደንበኛ አለ። ደውዪለትና ከሰዓት ይምጣ" አላት ኮቱን እየለበሰ።

እስከ አንገቱ ሳይቆልፍ ደጅ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። በሩ ላይ ልጁ እንደ ልማዷ የላይኛውን ቁልፍ ልትቆልፍለት እጇን ዘረጋች።

"ተይው" አላት። "ሐኪሙ ጋ መፍታቴ አይቀርም።"