ዳኛውን ይዤ ሦስት ቦታ ዞርኩ

አባቴ ድመቱን «ዳኛው» ያለው፣ ሰው ሲያወራ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ዓይኑን ሳያርገበግብ ስለሚያዳምጥ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ከእኔ ጋር የሚያወራው ስለ መድኃኒቱና ስለ መብራት ክፍያ ብቻ ነው። የልቡን የሚያጫውተው ዳኛውን ነው። አልዋሽም፣ በድመት እቀና ነበር።

የዚያን ዕለት ጠዋት ዳኛው ሽንት እምቢ አለው። የሚሸናበት አሸዋ ላይ ተቀምጦ ያምጣል፣ ይጮኻል፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። አባቴ ፍራሹን ገልጦ ለክፉ ቀን ያስቀመጣትን ሰባት ሺህ አወጣና እጄ ላይ አኖረልኝ።

«የኔ ልጅ፣ እንደምንም ብለህ አድንልኝ» አለኝ።

ካርቶን ውስጥ አድርጌው ወጣሁ። የመጀመሪያው የእንስሳት ክሊኒክ ከልብስ ስፌት ሱቄ ብዙም አይርቅም። ሐኪሟ ሆዱን ዳበስ እንዳደረገችው ፊቷ ተለወጠ።

«የሽንት ቱቦው ተዘግቷል፣ ፊኛው ተወጥሯል። አሁኑኑ አደንዝዘን መክፈት አለብን።»

«ስንት ነው?»

«ስድስት ሺህ።»

ገንዘቡ ኪሴ ውስጥ ነው። አውጥቶ መክፈል ነበር። እኔ ግን ሃያ ሁለት ዓመት መጋረጃ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጨርቅ ተራ ውስጥ መጀመሪያ የተጠራውን ዋጋ የሚከፍል ቂል ብቻ ነው። «ይቅር» ብለህ ዞር ትላለህ፣ ቀስ እያልክ ትራመዳለህ፣ አምስት እርምጃ ሳትሞላ «ና እስቲ፣ ስንት ትላለህ?» ብለው ይጠሩሃል። ካርቶኑን አነሳሁና «ይቅር» ብዬ ዞርኩ።

በሩ ጋ ስደርስ ጎንበስ ብዬ ያልተፈታ የጫማ ክር አሰርኩ።

«ወንድሜ፣ ብዙ ሰዓት የለውም» አለች ከኋላዬ።

ዋጋውን ግን አልቀነሰችም። ተመልሼ መግባት አሳፈረኝ። በነፍስ እየተጫወትኩ የማፍረው ለራሴ ነበር፤ እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ።

ሁለተኛው ክሊኒክ አምስት ሺህ አሉኝና ልቤ ዘለለች። ከዚያ መርፌው ለብቻ፣ ቱቦው ለብቻ፣ አዳሩ ለብቻ እያሉ ይጨምሩ ጀመር። ስደምረው ከመጀመሪያው በለጠ። ጠረጴዛቸውን እየደበደብኩ ስጨቃጨቅ ዳኛው ጩኸቱን አቆመ። ተሻለው ብዬ ደስ አለኝ።

ሦስተኛው በስልክ «ሁሉንም ጨምሮ ሦስት ሺህ ተኩል» አለኝ። የከተማው ጫፍ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ካርቶኑን ታቅፌ፣ የተረፈውን ገንዘብ ለአባቴ ስመልስለት እንዴት እንደሚመርቀኝ አስብ ነበር። ስደርስ ሐኪሙ ላም ሊያዋልድ ወጥቷል።

«አሁን ይመጣል» አለች ጸሐፊዋ።

ሁለት ሰዓት ጠበቅኩ። ክዳኑን ስከፍት ዳኛው አስታውኳል፤ ጆሮው እንደ ብረት ቀዝቅዟል። እየሮጥኩ ወጥቼ ታክሲ አስቆምኩ፤ ዋጋ አልጠየቅኩም። «ወንድሜ፣ በናትህ ንዳው!» እያልኩ ሾፌሩን አሳበድኩት። መንገዱ ተዘጋግቷል። ካርቶኑ ውስጥ እጄን ከትቼ ደረቱን ያዝኩ። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። አንድ መብራት ላይ ስንቆም ግን ዝቅ እንዳለ ቀረ።

የመጀመሪያዋ ሐኪም ካርቶኑን ከእጄ ነጥቃ ጠረጴዛው ላይ አደረገችው። ማዳመጫዋን ደረቱ ላይ አኑራ ረጅም ጊዜ አቀረቀረች። ከዚያ ከጆሮዋ አወለቀችው።

«ስንት ልክፈል?» አልኳት።

«ለዚህ አናስከፍልም።»

አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ካርቶኑን ሲቀበለኝ ውስጡ ምንም ነገር አለመንቀሳቀሱን አወቀና ደረቱ ላይ አስጠጋው። ገንዘቡን ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁለት። ሙሉውን ነው። አየው፣ ግን አልነካውም።

«ገንዘቡ አንሶህ ነው?» አለኝ።

«አዎ» ብለው ኖሮ ድህነታችንን ረግሞ ለእኔ ያዝንልኝ ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«አላነሰም፣ አባዬ» አልኩት።

ዳኛውን አቅፎ ወደ ውስጥ ገባ። እኔን ግባ አላለኝም።