ለአላህ የተነገረው ሕመም

ነኢማን የሚያናድዳት ሕመሙ አልነበረም። ሕመሙንማ ለምዳዋለች። ልጃገረድ ሳለች አዲስ አበባ ላይ ደረቷን ከፍተው ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ካስገቡላት ወዲህ፣ የደም ማቅጠኛ ኪኒኗን እየዋጠች፣ ከሚሴ ገበያ ሻሽና ድሪያ እየሸጠች፣ ማንንም ሳታስቸግር ኖራለች። የሚያናድዳት ሰው እንደ ሕፃን ሲያባብላት ነው።

ዘንድሮ ትንፋሿ አጠረ። ከሱቋ እስከ ባጃጁ ድረስ መሄድ ዳገት ሆነባት፤ እግሯ አበጠ፣ ዓይኗ ቢጫ ሆነ፣ ሽንቷ ጠቆረ። ታላቅ ወንድሟ አንዋር ደሴ ወስዶ አስመረመራት። ሐኪሙ የሚነግረውን ለአንዋር ብቻ ነገረው። ደረቱ የእሷ፣ ወሬው የወንድሟ! አንዋር ፊቱን አስተካክሎ ወጣና የወፍ በሽታ ነው፣ ቀላል ነው አላት። ባቲ ድረስ ሄዶም ከአንድ የባህል መድኃኒት አዋቂ የተቀጠቀጠ ሥር አመጣላት። ከኪኒኔ ጋር አይጣላም ወይ ብትለው ሐኪሙ ፈቅዷል አለ። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነውና አመነችው። እያስመለሳት ጠጣችው።

ሐሙስ ዕለት ደግሞ ዱዓ ይደረግልሽ ብሎ ዱበርቲዎቹን፣ የሰፈሩን ዱዓ አድራጊ እናቶች፣ ጠራ። ከዙሁር ሶላት በኋላ ቤቱን ሞሉት። መሪያቸው እማማ አሻ ዱዓ ላይ ማድበስበስ አያውቁም፤ የማን ላም እንደጠፋች፣ የማን ባል እንደከዳ፣ ሁሉንም በስሙ ጠርተው ነው የሚለምኑት። መዳፋቸውን ዘረጉ።

“ያ ረቢ፣ የነኢማ የልቧ ብረት ከቦታው ተነቅሏል፣ በጎኑ ደም እያሳለፈ ነው። ሐኪም እንደገና ካልተቀደደች አትተርፍም ብሏል። ያ ረቢ፣ አንተ ያለ ምላጭ መልስላት።”

ሴቶቹ አሚን አሉ። የነኢማ እጅ አየር ላይ ቀረ። ዞራ አንዋርን ብታየው ምንጣፉን ያያል። ለእሷ ሲዋሽ ያልተሳቀቀው ሰውዬ፣ አላህን መዋሸት ፈርቶ እውነቱን ለእማማ አሻ ነግሯቸው ኖሯል። ይሄ ሁሉ ጎረቤት ያውቃል፤ የልቡ ባለቤት ብቻ ሥር ስትጠጣ ከርማለች!

መቼ እንደተነገረው ጠየቀችው። ከረመዳን በፊት ነው አለ። ለታመመ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም፣ ልብሽ እንዳይደነግጥ ፈርቼ ነው እያለ ተንተባተበ።

“ልቤ ከቦታው ተነቅሎ፣ ከእንግዲህ ምኑ ይደነግጣል?”

“ምላጩ ላይ ብትሞቺብኝስ?”

“ብሞት የምሞተው እኔ ነኝ። አንተ ደግሞ በሥር ልትጨርሰኝ ነበር።”

አንዋር አለቀሰ። አላሳዘናትም፤ እንዲያውም እንባው ባሰባት። ሴቶቹ ታላቅሽ ነው፣ ሸይጣንን እርገሚ እያሉ ሊያበርዷት ሞከሩ። ሸይጣን ሥር አልቀጠቀጠልኝም አለቻቸውና ወደ እማማ አሻ ዞረች። ያለ ምላጭ ያሉትን ይተዉልኝ፣ ነገ ደሴ እሄዳለሁ፣ ከዚያም እቀደዳለሁ፣ የሐኪሙን እጅ እንዲያቀናልኝ ይለምኑልኝ አለች። ይህን ስትል ትንፋሿ ሦስት ቦታ ተቆረጠ።

እማማ አሻ መዳፋቸውን እንደገና ዘረጉ። “እሺ፣ ኢንተላ ኮ፣ እሺ ልጄ” አሉና እንዳለችው አድርገው ለመኑ። ሴቶቹ አሚን አሉ። ነኢማ ወደ አንዋር ዞረች።

“አሚን በል፣ አያ አንዋር።”

ማንም እጁን አላወረደም። አንዋር አሚን አለ፤ ወዲያው ጉልበቷ ሥር ወድቆ ቀሚሷን ይዞ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ብሎ ለመናት።

ነኢማ ቀሚሷን ከእጁ አስለቀቀች።

“ከተመለስኩ አፉ እልሃለሁ። ካልተመለስኩ በአኺራ አላህ ፊት እንተሳሰባለን።”