የክቡ በርና የዶሪን ውሻ

ትሪሻ ለዚህች ምሽት ስትዘጋጅ ነው የከረመችው። ዘንጓን ራሷ ጠርባ፣ ጨረቃ ቀርጻበት፣ ዘይት እየቀባች እንደ አራስ ልጅ ስታባብለው ሰነበተች። የሜይ ወር መባቻ ዋዜማን ሥርዓት ያለ እንከን ከመራች አሮጊቷ መሪ ዶሪን ቬን፣ ዊካ የተባለውን የጥንቆላ እምነት የሚከተለውን ቡድን ታስረክባታለች። ካበላሸች ተረኛው ክላይቭ ነው፤ ካባውን በኢንተርኔት የገዛው፣ ሲራመድ ጌጡ እንደ ወጥ ቤት ዕቃ የሚንቋቋው ክላይቭ።

በእንግሊዝ አገር፣ በኒው ፎረስት ደን ጫፍ፣ በዶሪን ጓሮ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትሪሻ ጥቁር እጀታ ባለው ቢላዋ አየሩን እየቀደደች በቡድኑ ዙሪያ ቅዱሱን ክብ ሠርታ ዘጋች። ይህ ቢላዋ ሽንኩርት ቀርቶ ክር እንኳ አይቆርጥም፤ ሥራው የማይታየውን መቁረጥ ነው። ክቡ ከተዘጋ በኋላ መሪዋ በቢላዋው በር ካልከፈተች ማንም አይወጣም፣ አይገባም። በሩም ሰው እንዳለፈ መልሶ ይዘጋል። እንስሳ ግን ነጻ ነው፤ ክቡ መኖሩን አያውቀውማ።

የዶሪን ውሻ ፒክል ሰተት ብሎ ገባና ዘንጉን ከክቡ መሃል ካለው መሠዊያ አንሥቶ ሰተት ብሎ ወጣ።

ትሪሻ አልተደናገጠችም። በክብር በሩን ከፈተች፣ ቢላዋውን እንደ ልማዷ መሠዊያው ላይ መለሰች፣ ወጣች። ካባዋን ሰብስባ ውሻውን በጎመኑ መሃል አሯሯጠችው። ዘንጉን ስታስጥለው ጨረቃዋ ተበልታ አልቃለች። ተመልሳ ክቡ ጠርዝ ላይ ስትደርስ እግሯ ቀጥ አለ። ቢላዋው ክቡ ውስጥ ቀርቷል።

ክላይቭ ፊቱ ፈካ። መሪ የሌለው ክብ ሆነናል ማለት ነው ብሎ ለሌሎቹ በትሕትና አስረዳ፤ ቢላዋውን ላቀብላት ብዬ እጄን ካሻገርኩ ክቡ ይሰበራል አለ። ዶሪን በታጣፊ ወንበሯ ላይ እንደ ፈተና አስፈታኝ ሁሉንም ትመለከታለች።

ፒክል በትሪሻ እግሮች መሃል ሾልኮ ገባና ለሥርዓቱ የተዘጋጀው ኬክ አጠገብ ተቀመጠ። ትሪሻ አየችው። ካባዋን ከፍ አድርጋ ተንበረከከች፣ ዘንጉን በጥርሷ ነከሰች፣ በአራት እግሯ ዳኸች፣ ገባች።

ክላይቭ ነው ቀድሞ የጮኸው። «ይሄማ አይቻልም። ሰው አይደለች እንዴ?»

«ለጊዜው አይደለሁም» አለች ትሪሻ፣ የዘንጉን ስንጣሪ ከምላሷ እየለቀመች።

ሁሉም ወደ ዶሪን ዞሩ። አሮጊቷ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ስትስቅ ቆየች። «ዕድሜዬን ሙሉ በር ስከፍት ስዘጋ ክንዴ አለቀ፤ ይህን የነገረኝ አልነበረም። በይ ቀጥዪ የኔ ልጅ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቡድኑ ያንቺ ነው። ክላይቭ፣ አንተ ውሻውን እሰርልን።»

«የትኛውን?» አለ ክላይቭ፣ እና ሳይወድ በግዱ አብሯቸው ሳቀ።