የጋሽ ሜትር ውሸት

«ይቺን ብቻ! ለኔ ስትይ፣ ይቺን ብቻ!»

አክስቷ የሥጋ ቁራጭ የሰካችበትን ሹካ እስከ አፍንጫዋ አስጠግታባታለች። ሥጋው በዘይት ተጠብሶ ያብረቀርቃል። መምህርቷ ከንፈሯን ገጥማ ራሷን ነቀነቀች። አክስት ግን የሟች ታላቅ እኅት ናት፤ በለቅሶ ቤት የሟችን እኅት እንቢ ማለት ደግሞ ማንም ደፍሮ የሚሞክረው ነገር አይደለም።

«ሦስት ቀን ሙሉ ምን ቀመስሽ? እዩዋት እስቲ! ያ ሁሉ ጉንጭ የት ገባ?» አለች አክስት ወደ እንግዶቹ ዞራ።

በኪራይ ወንበሮቹ ላይ የተደረደሩት እንግዶች ከንፈራቸውን መጠጡ። «አባቷን ስትወደው ለጉድ ነበር» አለች አንዲት ጎረቤት። «ሐዘን እኮ ሰው ይጨርሳል።»

ይጨርሳል፤ በሦስት ቀን አርባ ሁለት ኪሎ ግን አይጨርስም። አክስት ሩቅ ስለምትኖር ካየቻት ዓመት አልፏታል። የሠፈሩ ሰው ደግሞ «በእግር ጉዞና በአትክልት ቀነስኩ» ያለችውን አምኖ፣ ግማሹ አድንቆ ግማሹ ቀንቶ ተቀምጧል። ከሐኪሞቹ ሌላ እውነቱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እሷና አባቷ። አባቷ ከትናንት ወዲያ ተቀብሯል። መምህርቷ ሌላ ጥያቄ ከሚመጣ ብላ አፏን ከፈተች። ሥጋውን አኘከች፣ ዋጠች፣ ሁለተኛውንም ተቀበለች።

እናቷ ጥቁር ሻርፕ ተከናንባ ከግድግዳው ሥር ተቀምጣለች። ከዓርብ ጀምሮ አንዲት እንባ አልወጣትም። ለሚመጣው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ትደጋግማለች።

«ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር አንድም ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም።»

«እውነት ነው፤ ጋሽ ሜትር ውሸት አያውቁም» አሉ ጥግ ላይ የተቀመጡት ሥጋ ሻጭ። ሟቹ ልብስ ሰፊ ነበር። ሜትሩን ከአንገቱ ስለማያወርድ ሰው ሁሉ ዋና ስሙን ረስቶ ጋሽ ሜትር ይለው ነበር። «ሱሪው ማክሰኞ ይደርሳል ካሉ ማክሰኞ ነው። እስቲ ሌላ እንዲህ ያለ ልብስ ሰፊ ጥሩልኝ!»

ጥቂት ሰዎች ሳቅ አሉ። መምህርቷም ፈገግ ልትል ስትል ሕመሙ መጣ።

አመጣጡን ለምዳዋለች። መጀመሪያ ከቀኝ የጎድን አጥንቷ ሥር ይጫናታል፤ ከዚያ ወደ ጀርባዋ ዞሮ የቀኝ ትከሻዋ ላይ ይቀመጣል። አይወጋም፣ አይቆርጥም፤ ይጨምቃል። ብትተኛም፣ ብትቆምም፣ ብትንበረከክም አይለቃትም። «መጣሁ» ብላ ተነሣች። በሰው ጉልበት መሃል እየተሽሎከለከች መታጠቢያ ቤት ገባች፣ በሩን ቆለፈች፣ የምታቃስተው እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፈተች። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ፎጣውን ነከሰች።

ሐኪሙ ሳይነግራት ቀርቶ አይደለም። እንደሷ ጨጓራ በቀዶ ሕክምና ተቀንሶ ሰውነት በአጭር ጊዜ ብዙ ሲከሳ፣ ሐሞት ከረጢት ውስጥ ጠጠር ሊሠራ ይችላል። ይህን እንዲከላከልላት ለስድስት ወር የሚዋጥ ኪኒን አዞላት ነበር። እሷ ግን አቅለሸለሸኝ ብላ በሁለተኛው ወር ተወችው። አሁን ጠጠሮቹ በአልትራሳውንድ ታይተዋል፤ ከረጢቱን ለማውጣት ለፊታችን ሐሙስ ተቀጥራለች። ዛሬ ሰኞ ነው። «እስከዚያ ቅባት እንዳትነኪ» ብሏታል ሐኪሙ። «ትኩሳት ከመጣ፣ ብርድ ብርድ ካለሽ፣ ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ ግን ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም። በዚያው ሰዓት ትመጫለሽ።»

ሐሙስስ እንዴት ትሄዳለች? «ኦፕራሲዮን አለኝ» ብትል «የምን?» ይመጣል። «ጠጠሩ ከየት መጣ?» ይከተላል። ከዚያ የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ይወጣል፤ ከሱ ጋር አባቷ። ገና አፈሩ ሳይደርቅ በሚስቱ ፊት ውሸታም ሊሆን ነው። ለእናቷ ከሠላሳ ስምንት ዓመት የተረፋት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱን ልትነጥቃት ነው። መምህርቷ በጣም ፈራች። ሕመሙ ያልፋል፣ ይሄ ግን አያልፍም ብላ ፈራች።

«ለእናትሽ አንነግራትም» ያለው ራሱ አባቷ ነበር። የእናቷ ታናሽ ወንድም ለትርፍ አንጀት ብሎ ገብቶ ከኦፕራሲዮን አልጋ አልተነሣም። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ቤት ሲባል እናቷ እግሯ ይከዳታል።

«አንቺ ለሥልጠና ሄድሽ፣ እኔ ጨርቅ ልገዛ ሄድኩ። አለቀ» አላት ያኔ፣ መርፌ ውስጥ ክር እያስገባ።

«አባዬ፣ አንተ እኮ መዋሸት አትችልም።»

«ውሸትም እንደ ልብስ ነው፤ መቁረጡ ቀላል ነው፣ የሚያስቸግረው ስፌቱ ነው» ብሎ ሳቀ።

አምስት ቀን አልጋዋ አጠገብ ወንበር ላይ እያደረ፣ ቀን ቀን የነርሶቹን የተቀደደ ኪስ ሲሰፋ ከረመ። ከዚያም በኋላ በየወሩ ለክትትል ስትሄድ «ጨርቅ አይቼ ልምጣ» እያለ አብሯት ይወጣ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ደንበኛ ሲሄድለት ቀሚሶቿን አንድ በአንድ ያጠብብላታል። «ዕድሜ ልኬን ሰው ይወፍራል እያልኩ ትርፍ ጨርቅ ስተው ኖሬ፣ ማጥበብን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ» ይላታል። «ከስተሻል» ብሏት አያውቅም፤ ሜትሩን አይቶ ቁጥሩን ይጠራል፣ እሷን ደስ ሲላት እሱንም ደስ ይለዋል።

ዓርብ ዕለት ሕመሙ ከክፍል አስወጥቷት ጎብጣ ወደ ሱቁ ሄደች። አባቷ የመለኪያውን ጥግ መጋረጃ ስቦ፣ የካፖርት ጨርቅ መሬት ላይ ዘርግቶ አስተኛት። በሩን ገርበብ አደረገና አጠገቧ ተቀመጠ።

«ሐሞተ ኮስታራ ልጅ አለችኝ እያልኩ ስኩራራ፣ ለካ ጠጠሩ ነው!»

ጎኗን ይዛ ሳቀች። ትንሽ ቆይቶ እሱም ደረቱን ያዘ። «ያንቺ ተጋባብኝ መሰለኝ» አለ። በዚህም ሳቀች። በገበር ቁራጭ ግንባሩን ሲጠርግ አይታዋለች፤ ፊቱ ላይ ላብ ነበር፣ ያውም ሳይሞቅ። የራሷን ሕመም ስታዳምጥ የሱን አልሰማችም። እሱ ወደ ስፌቱ ተመለሰ፤ አንድ ሰዓት አልፎ ሕመሟ ሲለቃት መጋረጃውን ገለጠች። ጋሽ ሜትር ስፌት መኪናው ላይ ግንባሩን ደፍቶ ነበር።

ይህን ለማንም አልተናገረችም። ሰው «እንዴት ሆነ?» ሲላት «ድንገት» ትላለች።

«አንቺ! ደህና ነሽ ወይ? ሻይሽ ቀዘቀዘ እኮ!» አክስቷ በሩን ደበደበች።

«መጣሁ፣ መጣሁ።»

ልትነሣ ስትል ጥርሷ ተንቀጫቀጨ። ክፍሉ አይበርድም። ሽንቷ ጠዋት ጠቁሮ ነበር፤ ውኃ ስላልጠጣሁ ነው ብላ አልፋዋለች። አሁንም ያው ነው፣ እንዲያውም ብሷል። መስተዋቱ ውስጥ ዓይኗን አየች። አምፖሉ ይሆናል አለች፤ ቢጫ አምፖል ነው። ትንሿን መስኮት ከፍታ የቀን ብርሃን አስገባችና እንደገና አየች። አምፖሉ አልነበረም።

እስከ ሐሙስ ምንም አልሆንም ልትል አሰበችና፣ አባቷም ዓርብ ዕለት የደረቱን ሕመም በቀልድ እንዳለፈው ታወሳት። እናቷ በዚያው ወንበር፣ በዚያው ሻርፕ፣ ሌላ ሳምንት ደግማ ስትቀመጥ ታየቻት። ያኔ በሩን ከፈተች።

«እማዬ፣ አንዴ መኝታ ቤት ነይ።»

«ምን ሆናችሁ? እኔም ልምጣ» አለች አክስት እየተነሣች።

«አይ፣ እማዬን ብቻ።»

በሩ እንደተዘጋ መምህርቷ ሐሳቧን እንዳትለውጥ ብላ ቶሎ ቶሎ ተናገረች። «እማዬ፣ ሐኪም ቤት መሄድ አለብኝ። አሁን። ሐሞቴ ውስጥ ጠጠር አለ። ዓይኔን እዪው።»

እናቷ አገጯን ይዛ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እማዬ፣ ያኔ የሄድኩት ሥልጠና አልነበረም። ጨጓራዬን ኦፕራሲዮን ተደርጌ ነው የከሳሁት። ጠጠሩም ከዚያ የመጣ ነው። አባዬ አብሮኝ ነበር። ጨርቅ ልገዛ ነው ያለሽ… ዋሽቶሽ ነው። በየወሩም። ያስዋሸሁት እኔ ነኝ፣ እሱን እንዳትቀየሚው።»

እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ከሳሎን የማንኪያና የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል።

«ጨርቅ» አለች በመጨረሻ። «አምስት ቀን ቆይቶ ሁለት ሜትር ገበር ይዞ መጣ። ሁለት ሜትር ገበር! እሱም ከራሱ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የነበረ ነው።»

«ታውቂ ነበር?»

«ውሽማ ይዟል ብዬ ነዋ!»

«አባዬ?» አለች መምህርቷ።

«ሰባት ወር ሙሉ!» አለች እናቷ። «በዚህ ዕድሜው፣ በዚያ ጉልበቱ! ኪሱን ስፈትሽ፣ ሸሚዙን ሳሸት ከረምኩ። ትናንት እንኳ ከለቀስተኛው መሃል የማላውቃት ሴት ከልቧ ስታለቅስ አገኝ ይሆን ብዬ ነው ዓይኔን ሳንከራትት የዋልኩት።»

«ታዲያ ለሰው ሁሉ ዋሽቶኝ አያውቅም የምትዪው?»

«ምን ልበል? በቀብሩ ላዋርደው?»

ከዚያ አንድ ነገር የተበጠሰ ይመስል ማልቀስ ጀመረች። ሦስት ቀን የጠፋው እንባ አንድ ላይ መጣ። «አንተ ሽማግሌ! ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ምን ነበረበት?» እያለች ጉልበቷን መታች። መምህርቷ ልታቅፋት ጎንበስ ስትል ጎኗ ጨመቃትና እዚያው አቃሰተች። እናቷ ድምፁን ስትሰማ እንባዋን በሻርፑ ጫፍ ጠርጋ ተነሣች።

«ጫማሽ የታለ?»

ሳሎን ሲደርሱ እንግዶቹ ተንጫጩ። አክስት በሩ ላይ ቆመች። «ባልሽ ገና ሦስት ቀኑ! ለቅሶ ትቶ የት ይኬዳል?»

«እዚህ ተጎልቼ ሁለተኛ ልቅበር?» አለቻት እናቷና በጎኗ አለፈች።

ታክሲው ውስጥ መምህርቷ በብርድ እየተንቀጠቀጠች ቀሪውን ተናገረች። «ዓርብ ዕለት ደረቱን ይዞ ነበር። እያየሁት ሳቅኩ።»

«እኔም ዓርብ ጠዋት ደረቴን ያዘኝ ሲለኝ፣ ሂድና ለሷ ንገራት ብዬዋለሁ» አለች እናቷ መንገዱን እያየች። «የቷ እሷ? ሲለኝ በሩን ዘጋሁበት።»

እስኪደርሱ እናቷ እጇን ይዛት ነበር።

ሐኪም ቤት የድንገተኛ ክፍሏ ነርስ ትኩሳቷን ለካች፣ ዓይኗን ገልጣ አየች፣ ወዲያው ተሽከርካሪ ወንበር አስመጣች። «ዛሬውኑ ትተኛለች። ሐኪሙን ጠርተነዋል፤ እንኳን ሐሙስን አልጠበቃችሁ» አለች። እናቷ የወንበሩን እጀታ አልለቅም ብላ ቆመች። እግሯ ግን አልከዳትም።

ነርሷ የድሮውን ፋይል አውጥታ ገለጠች። «በአስቸኳይ ጊዜ የሚጠራ ሰው… አባት። ስልካቸው አልተቀየረም አይደል?»

«ሞቷል። ዓርብ ዕለት» አለች እናቷ።

«ውይ! ፈጣሪ ያጽናችሁ።» ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እስክሪብቶ አነሣች። «እንግዲያው እሱን ልሰርዝና የእርስዎን ልጻፍ።»

እናቷ ፋይሉን ወደ ራሷ ሳበችው። የባሏ ጽሕፈት ነበር፤ በጠመኔ ጨርቅ ላይ እንደሚጽፈው ትልልቅና ቀጥ ያሉ ቁጥሮች። ለሷ ሳይናገር፣ ለልጃቸው ኃላፊነት ወስዶ የፈረመውም ከሥሩ አለ። እስከ ፊርማው አነበበችው።

«አትሰርዢው» አለች።

«ግን እማማ፣ ምናልባት ቢደወል…»

«ለኔ ትደውያለሽ። እሱ ግን ይቆይ።»

እስክሪብቶውን ከነርሷ እጅ ወሰደች። ሁለቱ ስልክ ያወጡት በአንድ ቀን ስለነበር ቁጥራቸው የሚለያየው በመጨረሻው አሃዝ ብቻ ነው። ከባሏ ቁጥር ሥር የራሷን አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል ጻፈች። ጨርሳም መዳፏን በሁለቱ ቁጥሮች ላይ አሳረፈች፤ ነርሷም ወረቀቱን ለመውሰድ የዘረጋችውን እጇን መልሳ ጠበቀቻት።