ለሕያው ሰው የተተከለ ድንኳን

በቡራዩ ካሉት እድሮች ሁሉ የእነ ተረፈች እድር ይፈጥናል። ይህን የምትናገረው ራሷ የእድሩ ዳኛ ተረፈች ናት፤ ጠያቂም አያስፈልጋትም። "ሌላው እድር ምሰሶ ሲፈልግ፣ እኛ ለቀስተኛ አስቀምጠናል" ትላለች። በሰባት ዓመት ዳኝነቷ ድንኳን ዘግይቶባት አያውቅም። እንዲህ ያለ ኩራት ደግሞ ባለቤቱን አንድ ቀን ሳይጥለው አይቀርም።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አምቡላንስ ከአዲስ አበባ መጥቶ ከጎረቤቷ ከኦቦ ነገሳ ደጅ ቆመ። ሽማግሌው ቀዶ ሕክምና አድርገው ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ሲያወርዷቸው ቃሬዛው ዘመም አለና ሚስታቸው ተስፋነሽ "ኡኡ!" ብላ ጮኸች። ተረፈች ከአጥሯ ማዶ አምቡላንሱን አየች፤ ጩኸቱን ሰማች፤ ሌላ አልጠየቀችም። ጥሩምባው ተነፋ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ድንኳኑ ቆመ፤ ወንበሩ ተደረደረ፤ ሴቶቹም ደረታቸውን እየደቁ ሙሾ ጀመሩ።

ኦቦ ነገሳ አልጋቸው ላይ አጥሚት እየጠጡ ነበር። ጫጫታው ምን እንደሆነ ለማየት በሚስታቸው ትከሻ ተደግፈው ብቅ አሉ። ለቀስተኛው ደርቆ ቀረ። ከዚያ አንዱ ሳቀ፤ ሳቁም ተዛመተ። የሳቁት ደስ ብሏቸው ነው። ሽማግሌው ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲሸሹት የሰነበቱት ሞት ቀድሟቸው ደጃቸው ላይ ጠበቃቸው። ጀርባቸውን ሰጥተው ገቡና በሩን ዘጉት። በማግስቱ "ከእድሩ ወጥቻለሁ" ብለው ላኩ።

እድር የሌለውን ሰው ማን ይቀብረዋል? ተረፈች ደነገጠች። ብርቱካን ገዝታ ሄደች።

"ኦቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን ተስፋነሽ ባትጮህ ኖሮ እኮ..."

"እንግዲያው ይቅርታ የምትጠይቀኝ ተስፋነሽ ናታ!" አሉ። ብርቱካኑም ተመለሰ።

ሽማግሌዎች ላከች። "ያጠፋችው እሷ፣ የመጣችሁት እናንተ። እግር የላትም?" ብለው ሸኟቸው።

ተረፈች ሳምንቱን ሙሉ ስትናደድ ሰነበተች። ለእሳቸው ብላ አይደል እንዴ የሮጠችው! አንድ ጠዋት ግን ከበሯ ወጥታ እስከ ኦቦ ነገሳ በር ያለውን ርቀት በእግሯ ለካችው፤ ሃያ ሁለት እርምጃ። ሃያ ሁለት እርምጃ ሄዳ "ምን ሆናችሁ?" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ያን ቀን የሮጠችው ለእሳቸው ሳይሆን ለስሟ እንደነበር ገባት። አፈረች።

እሑድ እድርተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ኦቦ ነገሳ ስማቸውን ሊያሰርዙ በከዘራ ተደግፈው መጡ። ተረፈች ከዳኝነት ወንበሯ ተነስታ ፊታቸው ቆመች።

"ኦቦ ነገሳን በቁማቸው ያስለቀስኩባቸው እኔ ነኝ" አለች፣ ሁሉም እየሰማ። "ሃያ ሁለት እርምጃ ሄጄ አልጠየቅኩም። ቀደመች እንድትሉኝ ነው የቸኮልኩት። ኦቦ፣ ከሞት ተርፈው ሲመጡ ድንኳን ተክዬ ተቀበልኩዎት፤ ሰው አሳቅኩብዎት። በድያለሁ። ይቅር ይበሉኝ።"

"ግን" የምትለዋ ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሳ ነበር፤ ዋጠቻት። አንገቷን ደፍታ የምትናገር መስሏት ነበር፤ ለካ ቀና ብላ ኖሯል። በሰባት ዓመት ውስጥ እንደዚያች ደቂቃ በራሷ ኮርታ አታውቅም።

ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ጠጋ አሏት። "በምን ትክሺኛለሽ?"

"እርስዎ ባሉኝ ሁሉ።"

"ድንኳኑን ዛሬውኑ ደጄ ላይ ትከሉልኝ። እኔም ከእናንተ ጋር ቁጭ ብዬ እበላበታለሁ።"

እሳቸው ቀድመው ቤታቸው ገቡ። ወጣቶቹ ሸራውን፣ ተረፈች ራሷ ደግሞ አንዱን ምሰሶ ተሸክመው ተከተሏቸው። ደጃቸው ሲደርሱ ልጆቹ መሬት ሊቆፍሩ ጎንበስ አሉ።

"ቆዩ!" አለች። ምሰሶውን ግድግዳ አስደግፋ በሩን አንኳኳች።

"ኦቦ ነገሳ! አሉ ወይ?"

"ነን ጂራ!" አሉ ከውስጥ፣ ሰፈሩ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። "አለሁ! ትከሉት!"